የብርቄ ሻንጣና የሐሙሱ እንግዳ

ቤቱን በማጽዳቱ የተጎዳ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይኸው እኔን እዩ። ስሜ ነጃት ነው። ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ሲሆን ላስ ቬጋስ ከገባሁ አስራ ስድስት ዓመት አለፈኝ። የሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። በቀን አስራ ሦስት ክፍል አጽድቼ ቤቴ ስገባ ደግሞ የራሴ ቤት አስራ አራተኛ ሆኖ ይጠብቀኛል። ባለቤቴ ሰይድ ከኤርፖርት ወደ ሆቴሎች እንግዳ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። የማወራላችሁ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምት ሲሆን ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ አራት ቀን ብቻ ነው የፈጀው። እስከዚያ ድረስ አንድም ነገር እንደማይጎድለኝ፣ ቤቴም እኔም ለሰው የማናሳፍር እንደሆንን አድርጌ ነበር የማስበው።

ከብርቄ ካልጀመርኩ ግን ነገሩ አይገባችሁም። ብርቄ በአስራ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እታለም ነው የምላት። በልጅነቷ ሱዳን ስደተኛ ካምፕ ኖራ ወደ አሜሪካ የመጣች የጎንደር ሴት ናት። ሆቴል ስቀጠር ያሰለጠነችኝ እሷ ነበረች። የአንሶላ ጥግ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ የማይወለቅ የሚመስል እድፍ በምን እንደሚለቅ፣ አለቃ ሲቆጣ የት እያዩ ዝም እንደሚባል፣ ሁሉን ከእሷ ነው የተማርኩት። ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባል መንገድ ላይ አንዲት መኝታ ባላት አፓርትመንት ሰባት ዓመት አብረን ኖርን። እኔ ስጾም እሷ የማፍጠሪያዬን ሾርባ ትሠራለች፤ እሷ ስትጾም እኔ ሽሮዋን። የእናቴ ልጅ ብትሆን ከዚህ በላይ አትቀርበኝም ነበር።

ሰይድን ሳገባ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ከሚሠሩት አዳዲስ ሰፈሮች ባንዱ ቤት ገዛን። ቤቱ ገና በእንጨት ቆሞ ሳለ እሁድ እሁድ ሦስታችን እየሄድን እናየው ነበር። ከጋራዡ ቀጥላ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች፤ መስኮቷ ወደ ምሥራቅ ነው። እዚያ ቆሜ "እታለም፣ ይቺ ያንቺ ናት" አልኳት። ብርቄ ወደ መስኮቱ ሄዳ እጇን ዘርግታ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ በስንዝር ለካችው። ስትለካ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ዛሬም ሳስታውሳት የምትመጣብኝ እንደዚያ ሆና ነው።

ልንገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረን የሰይድ ታናሽ ወንድም ቪዛ አግኝቶ ከአገር ቤት መጣ። ማረፊያ የለውም። ሰይድ ለጊዜው ትንሿ ክፍል ይግባ አለ፤ እኔም ለጊዜው ከሆነ ምን ችግር አለ አልኩ። ለብርቄ ግን አልነገርኳትም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል፣ ዕቃ ልታግዘኝ የመጣች ዕለት ክፍሉ ውስጥ የተገጠመ አልጋና የወንድ ጫማ አየች። ከእኔ አፍ ሳይሆን ከጫማ ሰማች ማለት ነው። የያዘችውን ካርቶን ሳሎን አስቀምጣ ሌላ ልታመጣ ወጣች።

ሳምንት ሳይሞላ ሚኒሶታ ያለች የአክስቷ ልጅ ነይ እንዳለቻት ነገረችኝ። የሄደች ቀን ሁለት ሻንጣ ነበራት። አንዷን ይዛ፣ አንዷን ለእኔ ሰጠችኝ። ቡናማ የጨርቅ ሻንጣ ናት፤ ዚፗ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር አለባት።

"ነጂዬ፣ ይቺን አደራ አስቀምጪልኝ" አለችኝ።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አገራችን። ሻንጣዋን ጋራዥ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ በንጹሕ አንሶላ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። በመጀመሪያው ዓመት በየበዓሉ ትደውልልኝ ነበር፤ የእኔን በዓል በእኔ ቀን፣ የራሷንም በራሷ ቀን። ሁልጊዜ ስንብቱ ላይ "ሌላስ ምን አዲስ ነገር አለ?" ትለኛለች። እኔ ደህና ነን እላለሁ። ከዚያ ጥሪው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ቆመ። የሰይድ ወንድም ዓመት ሳይሞላው ወደ ቴክሳስ ሄደ፤ ክፍሏ ባዶ ሆነች። ያኔ ደውዬ ነይ ማለት ነበረብኝ። ሴትየዋን በጫማ አስወጥቼ በስልክ ነይ ልላት አፈርኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ አፈርኩ። እናንተ ሆዬ፣ ሰው ናፍቆት ብቻውን ቢመጣበት ይችለዋል፤ ከእፍረት ጋር ሲመጣ ነው የሚከብደው።

ያን ሰሞን ናፍቆቷ ባሰብኝ። ሆቴሉ ውስጥ አዲስ የተቀጠረችን ልጅ የአንሶላ ጥግ አስተጣጠፍ ላስተምራት ስቆም ከአፌ የሚወጣው የብርቄ ቃል ነበር፦ "አልጋው አይቸኩልም፣ አንቺም አትቸኩይ።" የዚያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ሻንጣዋን ከመደርደሪያ አወረድኳት። አልከፈትኳትም፤ አቧራዋን ጠርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እደውላለሁ ብዬ ወለሉ ላይ ተውኳት። አልደወልኩም፤ ሻንጣዋም ሳትመለስ እዚያው ቀረች። ባትናፍቀኝ ባላወረድኳት፣ ባላወርዳት ደግሞ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ሰኞ ረፍቴ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ ጀመረ። የላስ ቬጋስን ዝናብ ያላየ ሰው በረሃ ላይ ዝናብ ሲባል ይስቃል፤ መሬቱ ደርቆ ውሃ መምጠጥ ስለሚያቅተው የዘነበው ሁሉ መንገድ ለመንገድ ይሄዳል። ከሰፈራችን ጎን ለአዲስ ቤቶች የተቆፈረ ሜዳ አለ። የዚያን ሜዳ አፈር ይዞ የመጣው ጎርፍ በመንገዱ ሞልቶ፣ በመኪና መግቢያችን ወጥቶ፣ በጋራዡ በር ሥር ገባ። ፎጣ ደረደርኩ፤ ፎጣው ዋኘ። ወደ ትንሿ ክፍል ሲያልፍ ምንጣፉ እግሬ ሥር ሲነፋ ይሰማኛል። ያን ጊዜ ነው ሻንጣዋ ትዝ ያለችኝ። ሮጬ ስደርስ ስንዝር በሚያህል ውሃ ውስጥ ቆማለች። ሳነሳት ክብደቷ እጥፍ ሆኗል፤ ከሥሯ ጭቃ ይንጠባጠባል። ደረቴ ላይ አቅፌ ሳሎን መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ምንጣፉን ይዞት ይሂድ፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሂድ፤ እኔ ያለቀስኩት አደራ በላ ሆንኩ ብዬ ነው።

ሰይድ ከሺፍት ሲመለስ ውሃው ጎድሎ ጭቃው ቀርቷል። እንደ ሹፌር ሁሉ ቤቱንም በመኪና ሕግ ነው የሚያስበው። "አትጨነቂ፣ ፉል ካቨሬጅ ነን፤ ሁሉን ይሸፍናል" አለኝ። በየዓመቱ የኢንሹራንሱ ፖስታ ሲመጣ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፤ አንድም ቀን ከፍተን አናውቅም። ባንኩ ኢንሹራንስ ከሌላችሁ አላበድርም ብሎ ያስገዛን ስለሆነ፣ ባንክን ያህል ነገር የሚያምነው ወረቀት እኛን ሊከዳን ነው እንዴ ብለን ነበር የምናስበው። እኔ ደግሞ ከሰይድ የባሰ እምነት ነበረኝ። በልቤ ኢንሹራንስን እንደ እድር ነበር የማየው። በየወሩ ታዋጣለህ፤ መከራ ሲመጣ ድንኳን ይዘው ይመጣሉ። እድር መከራው በየት በር ገባ ብሎ አይጠይቅም።

ሰይድ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ሴት ብዙ ነገር ነገረችው፤ እሱ ለእኔ ያስተላለፈልኝ ሁለቱን ብቻ ነው። አንደኛ፣ የተበላሸውን ዕቃ ሁሉ ከነውስጡ በዝርዝር እንድንጽፍ። ሁለተኛ፣ ሐሙስ ጠዋት የሚያይ ሰው እንደሚመጣ።

እንግዳ ሊመጣ ነው አልኩ። ይህ ቃል እኔ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያስከትል ሰይድ ማወቅ ነበረበት። ማክሰኞ ለፋጡማ ደወልኩ። ፋጡማ የደሴ ልጅ ናት፤ አንድ ፎቅ ላይ ነው የምንሠራው። ረቡዕ ማለዳ ሌሎች ሦስት የሥራ ጓደኞቻችንን አስከትላ መጣች። አምስት የሆቴል ቤት አጽጂዎች አንድ ቤት ላይ ሲዘምቱ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርጥቡን ምንጣፍ ቀድደን፣ ጠቅልለን፣ መንገድ ዳር አወጣን። የራሰውን ሶፋ፣ ካርቶኑን፣ ያበጠውን የእንጨት ሳጥን አወጣን። ረፋዱ ላይ የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደልን፤ አመሰገንነው። ግድግዳው ላይ የነበረውን የጭቃ መስመር በበረኪና አሽተን አጠፋነው። ጋራዡን በብሩሽ ፈተግነው። ትንሿ ክፍል ባዶ ወለል ላይ አዲስ ስጋጃ አነጠፍን። ማታ ሰይድ ሲገባ ጫማውን ውጭ አወለቀ።

ሳይነካ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የብርቄ ሻንጣ። ጋራዡ ጥግ ላይ ከነጭቃዋ አስቀምጫታለሁ። ፋጡማ ገና ስትገባ አፍንጫዋን ያዘች።

"ይቺ ሻንጣ ሸታለች፤ ክፈቻትና ውስጧን ፀሐይ ላይ እንዘርጋው" አለችኝ።

"የኔ አይደለችም። አደራ ናት" አልኳት።

"ታዲያ እየበሰበሰች ነው እኮ። አደራ ማለት ማበስበስ ነው?"

ግን አልከፈትኳትም። እናቴ ጎረቤት ያስቀመጠባትን እንስራ ክዳኑን ሳትነካ ሁለት ዓመት ስታቆይ አይቼ ነው ያደግኩት። በዚያ ላይ በሆዴ የያዝኩት እቅድ ነበር። ሐሙስ የኢንሹራንሱ ሰው መጥቶ የብርቄንም ዕቃ እንተካለን ይለኛል። ያን ጊዜ እደውልላታለሁ። እታለም፣ ውሃ ገብቶ ዕቃሽ ተበላሽቶ ነበር፣ ግን ይኸው ምንም ሳይጎድል ተተክቶልሻል እላታለሁ። ባዶ እጄን አልደውልም። ከእኔ ያጣችውን ኢንሹራንስ ይክሳት ማለቴ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያን ዕለት ግን አጥብቄ ይዤው ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ዝርዝሩን ጻፍኩ። ምንጣፍ፣ ሶፋ፣ ሳጥን፣ ጫማዎች። መጨረሻው መስመር ላይ "ሻንጣ፣ አንድ" ብዬ ውስጡ ምን እንዳለ የሚጻፍበት ቦታ ስደርስ እጄ ቆመ። ስልኬን አነሳሁ። የብርቄን ቁጥር አውጥቼ አየሁት። ነገ፣ እነሱ ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። መስመሩ ላይ "አላውቅም" ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ሰውየው በሰዓቱ መጣ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው፣ ካሜራና መሰላል የያዘ ሰው ነው። ሰይድ ፈረቃ ቀይሮ ከእኔ ጋር ቆሟል። ፋጡማም ማለዳ ዶሮ ወጥ ሠርታ አምጥታ ጠረጴዛው ሙሉ ነበር። ሰውየው ምግቡን አይቶ አመሰገነና ከሚያያቸው ቤቶች ውሃ እንኳን መቀበል እንደማይፈቀድለት ነገረን። ሰው ቤቴ መጥቶ ሳይቀምስ ሊወጣ መሆኑን ስሰማ መጥፎ ምልክት መሰለኝ።

ጉዳቱን አሳዩኝ አለ። ጋራዡን አሳየሁት። ወለሉን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ተጎንብሶ ጥጉን በባትሪ አየ። ወደ ትንሿ ክፍል ገባ፤ ስጋጃውን ላለመርገጥ ዳር ዳሩን ሄደ። ከዚያ ቀና ብሎ በሥራ ዘመኑ እንዲህ የጸዳ የጎርፍ ቤት አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። እኔ ሞኟ ደረቴን ነፋሁና አመሰገንኩት።

"ምንጣፉ የት አለ?" አለ።

"ጣልነው።"

"ሶፋውስ?"

"እሱንም።"

"ፎቶ አንስታችኋል?"

እኔ ሰይድን አየሁ፤ ሰይድ ጣሪያውን አየ። ለካ ስልክ ላይ ያለችው ሴት ምንም ነገር እንዳትጥሉ፣ ሳታጸዱ ፎቶ አንሱ ብላው ኖሯል። እሱ ዋጋ ያለው ነገር አትጣሉ ማለቷ መስሎት ነው፤ የራሰ ምንጣፍ የሚያስቀምጥ ሰው ይኖራል ብሎ በምን ይጠርጥር። የእንግዳ ነገር ሆኖብኝ ማስረጃዬን በገዛ በረኪናዬ አጠብኩት ማለት ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል የምሰማው ነገር የዚያን ዕለት በአካል መጣብኝ።

ሰውየው ዝርዝሩን ተቀብሎ አነበበ። መጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። ይህች ሻንጣ የት አለች አለኝ፤ ወሰድኩት። አጠገቧ ተንበረከከ። እዚያ ቤት ውስጥ እውነቱን የምትናገር እሷ ብቻ ነበረች። ጭቃው በዙሪያዋ ስንዝር ከፍታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሠርቶ ደርቋል። ሰውየው በጣቱ ፈርፈር አድርጎ ውጭ ካለው ሜዳ አፈር ጋር አስተያየው። ውስጧ ያለውን ለምን እንደማላውቅ ሲጠይቀኝ የሰው አደራ እንደሆነች፣ እኛ አገር አደራ እንደማይከፈት ነገርኩት። ለምን ያህል ጊዜ አለኝ። ስምንት ዓመት አልኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝ።

ከዚያ መሳቢያችን ውስጥ የተቀመጠውን ፖስታ አስመጣ፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንደታሸገ ነበር። በፊታችን ከፍቶ ገጹን አገኘና በጣቱ አሳየን። ውሃው ከቤታችን ቧንቧ በድንገት ፈንድቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር አለ። ነፋስ ጣሪያውን ነቅሎ ዝናቡ በዚያ ገብቶ ቢሆንም ሌላ ነገር ነበር። ከመሬት ተነስቶ በበር የገባ ጎርፍ ግን በዚህ ውል ውስጥ የለም፤ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው የሚገዛ ነው።

"ግን እኛኮ ፉል ነን" አለ ሰይድ።

ሰውየው ለቤት ፉል የሚባል ነገር እንደሌለ፣ በየሳምንቱ ይህንኑ ቃል ከሰው አፍ እንደሚሰማ አስረዳን። አልተቆጣም፣ አልቸኮለም። ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ዞረ።

"ለኛ ዝርዝር አያስፈልገንም አሁን። ግን ለባለቤቷ ዛሬውኑ ደውዪ። ሻጋታ ቀን አይጠብቅም" አለኝ።

በሩ ሲዘጋ ፋጡማ ምግቡን መሸፈን ጀመረች። ሰይድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንን ገጽ ደጋግሞ ያነባል። ለእሱ የጠፋው ምንጣፍና ግድግዳ ነው፤ ቀስ እያልን እንሠራዋለን። ለእኔ ግን የመደወያ ሰበቤ ነበር የጠፋው። ባዶ እጄን፣ በበሰበሰ አደራ፣ ስምንት ዓመት ዘግይቼ ልደውል ነው። ጋራዥ ገብቼ ወለሉ ላይ ከሻንጣዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። ካልደወልኩ ሻንጣዋ ከነውስጧ ትበሰብሳለች፤ ከደወልኩ ብርቄ እስከ መጨረሻው ታውቀኛለች። ደወልኩ።

"ሄሎ" አለች። ድምጿ ትንሽ ወፍሯል።

"እታለም" አልኳት።

"ነጂ? ማን ሞተ?" አለችኝ።

"ማንም አልሞተም እታለም። ሻንጣሽን ውሃ በላት። አላስቀመጥኩልሽም። ይቅር በይኝ።" ከዚህ በኋላ አፌ አልቆመም። ጎርፉን ነገርኳት፣ ከመደርደሪያ ያወረድኳት ስለናፈቀችኝ እንደሆነ ነገርኳት፣ የኢንሹራንሱን ሰው፣ አላውቅም ብዬ የጻፍኩትን ነገርኳት። ስለዚያች ክፍልም፣ ስለዚያ ጫማም ስምንት ዓመት ያልነገርኳትን ነገርኳት። 

"አላውቅም ብለሽ ጻፍሽ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "አልከፈትሻትም?"

"አደራ እንዴት ይከፈታል?"

"ስምንት ዓመት ሙሉ?"

"ወላሂ እታለም፣ ዚፗን አልነካሁም።"

መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። "በስመአብ ወወልድ። እኔኮ ከፍተሽ፣ አይተሽ፣ ዝም ያልሽኝ መስሎኝ ነው የተቀየምኩሽ" አለች። "ቁልፏን የፊት ኪሷ ውስጥ የተውኩልሽ ለምን ይመስልሻል? በየበዓሉ ምን አዲስ ነገር አለ የምልሽ ለምን ይመስልሻል? አሁን ክፈቻት። ስልኩን እንዳትዘጊው።"

የፊት ኪሷን ከፈትኩ። ትንሿ ቁልፍ በክር ታስራ ተቀምጣለች። ጓጉንቸሯ ተከፈተች፤ ዚፑ ግን ጭቃ ይዞት እምቢ አለኝ፤ በጥርሴ ጎትቼ ከፈትኩት። ከላይ የነበረው ጨርቅ ደረቅ ነው፣ ከሥር ያለው ረጥቦ ሻግቷል። ሳወጣው ረጅም ሆኖ መጣ። ነጭ ነው፣ ጠርዙ ላይ በእጅ የተሰፋ ሰማያዊ ጥልፍ አለው። መጋረጃ ነው። ሁለት ሆኖ፣ ከነማንጠልጠያው። የዚያች መስኮት፣ በስንዝር የለካችው።

"ሌሊት ሌሊት አንቺ ስትተኚ ነው የሰፋሁት" አለችኝ። "የምትገቡ ቀን ላስገርምሽ ብዬ። ከዚያ አልጋውን አየሁ። አኩርፌ ልሄድ ብዬ መጋረጃውን ይዤው መሄድ አቃተኝ። ክፍሉን ለፈለገችው ትስጠው፣ መጋረጃውን ስታይ ግን ትገነዘባለች፣ ትደውልልኛለች አልኩ። አፌን ከፍቼ ልነግርሽ ኩራቴ አልፈቀደም ነጂዬ።"

እኔ በአደራ፣ እሷ በኩራት። ሁለታችንም አንዲት ዚፕ እየጠበቅን ስምንት ዓመት አለፈን። ጋራዡ ወለል ላይ መጋረጃውን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ጭቃ ጭቃ፣ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ፋጡማ የማን ልቅሶ ነው ብላ መጥታ አየችኝና በሩን መልሳ ዘጋችው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እኔ የተማርኩት ነገር ቤታችሁ ውስጥ ቢሠራ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ያንን ፖስታ ዛሬ አውጡና ክፈቱት። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ የሚያነብላችሁ ፈልጉ፤ የትኛው ውሃ የእነሱ፣ የትኛው ውሃ የእናንተ እንደሆነ ዝናቡ ሳይመጣ ጠይቁ። ባንክ ስላስገዛችሁ ሁሉ ነገር ተሸፍኗል አትበሉ፤ ባንክ የሚያስበው ለራሱ ነው። ችግር ከደረሰም እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ የሚመጣው እንግዳ ሳይሆን ጉዳት የሚያይ ሰው መሆኑን አስታውሱና መወልወያውን ጥግ አስይዙት። ሰይድ አሁን የጎርፉንም ለብቻው ገዝቷል፤ ፖስታው ሲመጣ ቆሞ ነው የሚያነበው።

ሌላው ግን በፖስታ የሚመጣ አይደለም። ቤቴ ውስጥ ሁለት ሳልከፍታቸው የኖሩ ነገሮች ነበሩ፤ አንዱን በስንፍና፣ አንዱን በታማኝነት። ታማኝነቴ ከስንፍናዬ የበለጠ አስከፈለኝ። አደራ አትክፈቱ እያሉ ያሳደጉንን ሰዎች አልወቅስም። ግን አደራ የሰጣችሁ ሰው በሕይወት ካለ፣ ክዳኑን ከመጠበቅ ይልቅ ደውላችሁ እሱን ጠይቁት። እኔ ሻንጣዋን ስጠብቅ ብርቄን ጣልኳት።

መጋረጃውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ሻጋታው ለቀቀ፤ የጭቃው መስመር ግን ከሥሩ ስንዝር ከፍ ብሎ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። አምስት ፎቅ ሙሉ እድፍ ያስለቀቅኩ ሴት እሱ አልለቅ አለኝ፤ ትንሽ ቆይቼ ማሸቱን ተውኩት። ትንሿ ክፍል መስኮት ላይ ሰቀልኩት። ወርዱ ልክክ አለ። ቁመቱ ግን ውሃው ሰብስቦት አራት ጣት ያህል አጥሯል። ፎቶ አንስቼ ላኩላት።

ወዲያው ደወለች። "አጥሯል" አለች።

"አየሁ እታለም። አሳፋሪ ነው።"

"ምን ያሳፍራል፤ ጨርቅ ሲታጠብ እንደሚሰበሰብ አውቄ ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፌ ነው የሰፋሁት። ሲተረተር ይደርሳል።"

መቀስ ላመጣ ተነሳሁ። በስልኩ ውስጥ ወንበሬ ሲንቀሳቀስ ሰማችኝ መሰለኝ።

"እንዳትነኪው" አለችኝ። "እኔ መጥቼ እተረትረዋለሁ።"

ይኸው እስከ ዛሬ አልመጣችም። ጉልበቷን ታማለች፣ እዚያም ሥራ አላት፤ ክረምቱ ይለፍ ትላለች፣ በጋው ይግባ ትላለች። እኔም አላስቸኩላትም፤ አልጋው አይቸኩልም ብላ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት ያንን ክፍል እከፍታለሁ። ፀሐይዋ ከመጋረጃው በታች፣ በዚያች አራት ጣት በጎደለችው በኩል ገብታ ወለሉ ላይ ቀጭን መስመር ትሠራለች። መቀሱን መስኮቱ ላይ አስቀምጬላታለሁ።